ካርታውም ልክ ነው፣ ስልክዎም ልክ ነው

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህን ይላል፦ «አንድ የቆየ የወረቀት ካርታ እጄ ገባ። ካርታው ላይ የአንዲት ኮረብታ ጫፍ በሦስት ማዕዘን ምልክት ተመልክቷል። ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን ከካርታው ጠርዝ ላይ በጥንቃቄ አንብቤ ስልኬ ውስጥ አስገባሁት። ስልኩ ግን ከኮረብታው ማዶ፣ አራት መቶ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ሜዳ ላይ ወሰደኝ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። የተሳሳተው የትኛው ነው? ለመሆኑስ ሳተላይት ባልነበረበት ዘመን ሰው ያለበትን ቦታ በምን ያውቅ ነበር?»

አጭሩን መልስ ልስጥዎት። የተሳሳተ የለም። ካርታውም ስልክዎም የሚያወሩት ስለዚያው ኮረብታ ነው። የሚቆጥሩት ግን ከአንድ ቦታ ተነስተው አይደለም። ረጅሙ መልስ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ወደኋላ ይወስደናል። ሙያዬ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው፤ እርስዎም ታገሱኝ። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው።

መጀመሪያ አንድ ያየሁትን ላውራዎት። ቅየሳ በጀመርኩበት ዓመት አንድ የቆየ የቅየሳ ነጥብ ፈልጉ ተብለን ወጣን። ነጥቡ መሬት ውስጥ የተቀበረ ኮንክሪት ነው። አናቱ ላይ አውራ ጣት የምታክል የናስ ብሎን አለችው። ኮኦርዲኔቱ፣ ማለትም የቦታው ቁጥር፣ በወረቀት ተሰጥቶናል፣ ጂፒኤሱም እጃችን ላይ ነው። መሣሪያው «ደርሳችኋል» ባለን ቦታ ላይ ቁጥቋጦ ስንመነጥር፣ አፈር ስንቆፍር አረፈድን። ምንም የለም። «ሰው ነቅሎት ይሆናል» ብለን ልንመለስ ስንል አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ ባልደረባችን መሣሪያውን ተቀበሉን። ማውጫው ውስጥ ገቡና አንዲት መስመር ቀየሩ። ቁጥሩን አልነኩትም። ቀስቱ ዞረ። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ተከትለነው ሄድን። ሣሩን በእግራቸው ገለጥ ሲያደርጉት ናሷ ብልጭ አለች። ያቺ የቀየሯት መስመር ዳተም ትባላለች። የእርስዎም ጉዳይ እሷው ናት።

ዳተም ምን እንደሆነ ለመረዳት ግን ከሥሩ መነሳት ይሻላል።

ቦታ ብቻውን አይገለጽም። «ከወንዙ ማዶ» እንላለን። «ከትልቁ ዛፍ ሥር» እንላለን። «ድልድዩን እንዳለፍክ በስተግራ» እንላለን። ሁልጊዜ አድማጩ የሚያውቀውን አንድ ነገር ይዘን ነው ወደማያውቀው የምንወስደው። ወንዙን ለማያውቅ ሰው «ከወንዙ ማዶ» ማለት ባዶ ቃል ነው። ኬክሮስና ኬንትሮስም፣ ወደ ሰሜንና ደቡብ የሚቆጠረውና ወደ ምሥራቅና ምዕራብ የሚቆጠረው፣ ከዚህ አያመልጡም። ቁጥር ስለሆኑ በራሳቸው የቆሙ ይመስሉናል እንጂ እነሱም «ከየት?» ተብለው ይጠየቃሉ።

ይህን «ከየት» የሚለውን ሰው በብዙ መንገድ መልሶታል። በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ የጉጉ ይሚዲር ቋንቋ ተናጋሪዎች የነገሮችን ቦታ በግራና በቀኝ አይናገሩም። አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው እንኳ «ትንሽ ወደ ምሥራቅ ጠጋ በል» ነው የሚሉት። እንዲህ ለመናገር ቤት ውስጥም ሆነ ጨለማ ውስጥ ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ ሁልጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያውቁታልም። የማርሻል ደሴቶች መርከበኞች ደግሞ ከቀጫጭን እንጨት ካርታ ይሠሩ ነበር። እንጨቶቹ ትልልቅ ማዕበሎች ደሴት ሲነኩ እንዴት እንደሚታጠፉ ያሳያሉ፤ ደሴቶቹ እንጨቱ ላይ የታሰሩ ዛጎሎች ናቸው። ካርታውን ባሕር ላይ ይዘውት አይሄዱም። የብስ ላይ ሆነው አጥንተውት፣ ባሕር ላይ ማዕበሉን በሰውነታቸው እየተሰማቸው ይቀዝፋሉ። እኔ ይህን ካርታ በጣም ነው የማደንቀው። ርቀት የለበትም፣ ቁጥር የለበትም፣ ሥራውን ግን ሠርቷል።

ሮማውያን ዘንድ ዋናው ነገር መንገድ ነበር። ከእነሱ ካርታዎች የአንዱ ግልባጭ እስከ ዛሬ አለ፤ የፖይቲንገር ሰሌዳ ይባላል። ወደ ሰባት ሜትር ገደማ ይረዝማል። ቁመቱ ግን 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሜዲትራንያን ባሕር እዚያ ላይ ተጨፍልቆ ቀጭን ወንዝ መስሏል። ሠሪዎቹ ይህ አላሳሰባቸውም። መንገደኛው የፈለገው ከዚህ ማረፊያ እስከሚቀጥለው ስንት እንደሆነ ነው፤ እሱ ደግሞ በቁጥር ተጽፎለታል። የዛሬ የከተማ ባቡር ካርታም እንደዚሁ ነው። የቦታውን ቅርጽ ያዛባል፣ የጣቢያዎቹን ቅደም ተከተል ግን ይጠብቃል።

መሐሉ ላይ ማን ይቀመጥ የሚለውም ከየዘመኑ ጋር የሚሄድ ነገር ነው። በጭቃ ጽላት ላይ የተቀረጸው የባቢሎን የዓለም ካርታ ባቢሎንን በዓለም ውስጥ ጉልህ ቦታ ሰጥቶ ዙሪያውን በባሕር ይከባል። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ካርታዎች ኢየሩሳሌምን መሐል፣ ምሥራቅን ደግሞ ከላይ አደረጉ። አል ኢድሪሲ በ1154 ለሲሲሊው ንጉሥ ሮጀር ሁለተኛ በሠራው ካርታ ላይ ከላይ ያለው ደቡብ ነው። ሰሜን ከላይ ይሁን የሚል የተፈጥሮ ሕግ የለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ኤራቶስቴንስ የሚባል ሊቅ ነበር። በዓመቱ ረጅሙ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በሲየን ከተማ (ዛሬ አስዋን የምንላት) ፀሐይ ልክ አናት ላይ እንደምትሆን ሰምቷል። በዚያው ሰዓት አሌክሳንድሪያ ውስጥ ግን የቆመ ዘንግ ጥላ ይጥላል። ጥላውን ለካ። የማዕዘኑ ስፋት የአንድ ሙሉ ክብ ሃምሳኛ ሆነ። በሁለቱ ከተሞች መካከል 5,000 ስታዲያ አለ ስለተባለ፣ የምድር ዙሪያ 250,000 ስታዲያ ነው አለ። ስታዲያ የሚባለው መለኪያ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ስሌቱ ምን ያህል እንደቀረበ መከራከር ይቻላል። መንገዱ ግን ዛሬም የምንሠራበት ነው። የሰማይን ማዕዘን ለካ፣ የምድርን ርቀት ለካ፣ ሁለቱን አገናኝ።

ከእሱ በኋላ፣ በ150 ዓ.ም. ገደማ፣ እዚያው አሌክሳንድሪያ የኖረው ቶለሚ ከሁሉ የሚገርመኝን ነገር አደረገ። የሥዕል ካርታ በእጅ በተገለበጠ ቁጥር እየተበላሸ እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። አንዱ ገልባጭ ባሕሩን ትንሽ ያሰፋዋል፣ ቀጣዩ ትንሽ ይጨምርበታል። ስለዚህ ወደ 8,000 የሚሆኑ ቦታዎችን ከነኬክሮሳቸውና ኬንትሮሳቸው በዝርዝር ጻፈ፤ ካርታው በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚነደፍም አስተማረ። ሥዕሉ ቢጠፋ እንኳ ዝርዝሩን የያዘ ሰው ካርታውን መልሶ ያወጣዋል። ዛሬ ለወዳጅዎ በመልእክት ኮኦርዲኔት ሲልኩለትና ስልኩ ካርታ ላይ ሲያሳየው የሚሆነው ይኸው ነው።

ቶለሚ ዜሮውን ያስቀመጠው በዘመኑ በሚታወቀው ዓለም ምዕራባዊ ጫፍ፣ ዛሬ ካናሪ በምንላቸው ደሴቶች አካባቢ ነው። ኬክሮሶቹ ደህና ናቸው። ኬንትሮሶቹ ግን ተለጥጠዋል። ሜዲትራንያን ከጫፍ እስከ ጫፍ 42 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እሱ 62 አደረገው። ጥፋቱን የእሱ ብቻ ማድረግ አይገባም። ሁለቱ ቁጥሮች እህትማማች ቢመስሉም አንዷ ቀላል፣ ሌላዋ ከባድ ናት።

ኬክሮስ ሰማይ ላይ ተጽፎ ይገኛል። በሰሜናዊው የዓለም ክፍል ሆነው የሰሜን ኮከብን ቢያዩ፣ ከአድማስ ከፍ ያለበት ማዕዘን ከሞላ ጎደል የቆሙበት ኬክሮስ ነው። ኮከቡ 10 ዲግሪ ከፍ ብሎ ከታየ፣ ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ወደ ሰሜን ነዎት። ለኬንትሮስ ግን ሰማዩ እንዲህ ያለ ቋሚ ምልክት የለውም። ምድር ስለምትሽከረከር፣ ዛሬ ማታ እርስዎ የሚያዩትን ሰማይ በዚያው ኬክሮስ ላይ ያለ ሌላ ሰው ከሰዓታት በፊት ወይም በኋላ ያየዋል። ስለዚህ ኬንትሮስ የሰዓት ጉዳይ ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ማለት ነው። ባሉበት ቦታ እኩለ ቀን ሲሆን የተነሱበት ወደብ ስንት ሰዓት እንደሆነ ካወቁ፣ ልዩነቱን በ15 አባዝተው ኬንትሮሱን ያገኙታል።

ችግሩ የወደቡን ሰዓት ይዞ መጓዝ ላይ ነው። በሚናወጥ መርከብ ላይ፣ በሙቀትና በብርድ፣ ለወራት ሳይዛባ የሚሠራ ሰዓት አልነበረም። ምድር ወገብ ላይ ሰዓትዎ 4 ሰከንድ ብቻ ቢሳሳት ቦታዎ 1.85 ኪሎ ሜትር ይሳሳታል። በ1707 አራት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች የት እንዳሉ በትክክል ሳያውቁ ሲሊ ደሴቶች አጠገብ ከዓለት ተላትመው ሰጠሙ። ከ1,400 በላይ ሰው አለቀ። በ1714 የእንግሊዝ ፓርላማ ኬንትሮስን በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ለሚያገኝ 20,000 ፓውንድ ሽልማት አወጀ።

መልሱን ያመጣው ጆን ሃሪሰን የሚባል አናጺ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ሰዓት ላይ አዋለው። ሦስት ትልልቅ ሰዓቶች ሠርቶ በመጨረሻ አራተኛውን አወጣ፤ ስፋቱ 13 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ትልቅ የኪስ ሰዓት የሚመስል ነገር ነው። በ1761 ልጁ ይዞት ወደ ጃማይካ ተጓዘ። የሰዓቱ የታወቀ የየቀን መዘግየት ታስቦ ሲታረም በ81 ቀን ውስጥ የተሳሳተው 5 ሰከንድ ገደማ ብቻ ሆነ። ገንዘቡን አሟልተው ለመክፈል ግን አመነቱበት። የመጨረሻው ክፍያ ሲደርሰው 80 ዓመቱ ነበር። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ባሕሩ በዚህ መልክ መላ አገኘ። የብሱ ላይ ደግሞ የእኛ የቀያሾች ታሪክ ይጀምራል፤ የእርስዎ ካርታም የተወለደው እዚህ ነው።

ሰፊ አገርን በገመድ መለካት አይቻልም። ተራራ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ጫካ አለ። ዘዴው ሦስት ማዕዘን ነው። ሜዳ ላይ አንድ መስመር በሰንሰለት ወይም በብረት ዘንግ በጣም ተጠንቅቀው ይለካሉ። ከመስመሩ ሁለት ጫፎች ሆነው ሩቅ የምትታየውን ኮረብታ ያነጣጥሩና ማዕዘኖቹን ያነባሉ። አንድ ጎንና ሁለት ማዕዘን ካለዎት የቀሩት ሁለት ጎኖች በስሌት ይወጣሉ። እነዚያ ጎኖች ደግሞ ለሚቀጥለው ሦስት ማዕዘን መነሻ ይሆናሉ። እንዲህ እያሉ ከኮረብታ ኮረብታ አገሩን ይሸፍኑታል። ካርታዎ ላይ ያለችው የሦስት ማዕዘን ምልክት ከእነዚህ ጫፎች የአንዷ ናት። ቀያሾች መሣሪያቸውን ተሸክመው ወጥተው፣ ጭጋግ እስኪገፈፍ ድረስ ምናልባት ለቀናት ጠብቀው ያነበቡባት ቦታ ናት።

በሆላንድ ስኔልየስ በ1615 ይህን ሥራ ጀመረ። የካሲኒ ቤተሰብ በትውልድ እየተቀባበለ ፈረንሳይን በ182 ሉሕ፣ በ1:86,400 መስፈርት አነሳ። ከሁሉ የሚገዝፈው በ1802 የተጀመረው የህንድ ቅየሳ ነው። ማዕዘን የሚያነቡበት ትልቁ ቴዎዶላይት ግማሽ ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ ይህን በሰው ሸክም ተራራ ላይ ማውጣት ምን እንደሆነ ያስቡት። ከዚያ ቅየሳ ራዳናት ሲክዳር የተባለ ህንዳዊ የሒሳብ ሰው የኤቨረስትን ቁመት አሰላ። በ1856 ሲታወጅ 29,002 ጫማ ተባለ፤ 8,840 ሜትር ማለት ነው። ዛሬ የተቀበልነው 8,848.86 ሜትር ነው። ተራራው ላይ አንድ ሰው እንኳ ሳይወጣ፣ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው አይተው ያመጡት ልዩነት ዘጠኝ ሜትር ብቻ መሆኑ ዛሬም ያስደንቀኛል።

የሦስት ማዕዘን ዘዴ የሚነግርዎት ግን አንዱ ነጥብ ከሌላው ያለውን ርቀትና አቅጣጫ ነው። ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዲወጣ ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ያስፈልጋሉ። ከነጥቦቹ የአንዱ ቦታ በከዋክብት መታወቅ አለበት፤ እሱ መነሻ ይሆናል። ምድርም ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳላት መወሰን አለበት። ዳተም የምንለው እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ነው፤ መነሻውንና ቅርጹን።

ቅርጹ ራሱን የቻለ ክርክር ነበረው። ኒውተን ምድር ዋልታዎቿ ላይ ጠፍጠፍ ያለች ናት አለ። ፈረንሳይ ውስጥ የተደረጉ ልኬቶች ግን ተቃራኒውን፣ ወደ ዋልታዎቹ የረዘመች መሆኗን የሚያሳዩ መሰሉ። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ሁለት ቡድን ላከ። አንዱ በ1735 ወደ ምድር ወገብ፣ ዛሬ ኢኳዶር ወደሆነችው አገር፣ ሌላው በ1736 ወደ ላፕላንድ በረዶ። የአንድ ዲግሪ ርዝመት በሁለቱ ቦታዎች ተለካ። ዋልታው አካባቢ ረዘም ብሎ ተገኘ፣ ኒውተንም ልክ ሆነ። ዛሬ እንደምናውቀው ከምድር መሐል እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት እስከ ዋልታ ካለው በ21 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ይህን ጠፍጣፋ ሉል ኤሊፕሶይድ እንለዋለን። «ምን ያህል ጠፍጣፋ?» ሲባል ግን እያንዳንዱ ሊቅ ከራሱ ልኬት የራሱን ቁጥር አወጣ። የኤቨረስት (ተራራው በስሙ የተጠራው ቀያሽ) የ1830፣ የቤሰል የ1841፣ የክላርክ የ1866፣ እንደገና የክላርክ የ1880 የሚባሉት ለዚህ ነው። አገሮች ለመሬታቸው የሚስማማውን መረጡ። ልብስ በልክ እንደማሰፋት ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ በደንብ ይቀመጣል፣ ሌላው የዓለም ክፍል ላይ ግን ይጠባል ወይም ይሰፋል።

ትልቁ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግን ከመነሻው ነው። መነሻ ነጥቡን በከዋክብት ስንወስን «ወደ ላይ» የት እንደሆነ ማወቅ አለብን። ያንን የሚነግረን ቱምቢ ነው። ግንበኛ ግድግዳ የሚያቀናበት፣ በክር የተንጠለጠለ ብረት። ቱምቢ ቀጥ ብሎ ወደ ምድር መሐል የሚወርድ ይመስለናል። አይወርድም። አጠገቡ ተራራ ካለ፣ ተራራው በስበቱ ወደ ራሱ ይጎትተዋል። በ1774 ኔቪል ማስክሊን የተባለ የእንግሊዝ የከዋክብት ሊቅ ስኮትላንድ ውስጥ ሺሃልየን የሚባል ተራራ በሰሜንና በደቡብ በኩል ሆኖ ይህን ለካ፤ ከሁለቱ ወገን የመጣው መዛባት ተደምሮ 11.6 የማዕዘን ሰከንድ ሆነ። ሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ናት፣ በዓይን የማትታይ ነገር። መሬት ላይ ግን አንድ ሰከንድ ኬክሮስ 31 ሜትር ነው። ቱምቢዎ 10 ሰከንድ ቢዘነበል መነሻ ነጥብዎ 300 ሜትር ይሸሻል። ከመነሻው ጋር የታሰረው የአገሩ ካርታ ሁሉ አብሮ ይሸሻል።

የእርስዎ አራት መቶ ሜትር ከዚህ ዓይነት ነገር ሊመጣ ይችላል። ጃፓን ጥሩ ምሳሌ ናት። የቀድሞው የቶኪዮ ዳተም መነሻው በከዋክብት የተወሰነ ነበር። ከሳተላይቱ ዳተም ጋር ሲተያይ ቶኪዮ አካባቢ 450 ሜትር ገደማ ልዩነት አለው። አገሪቱ በ2002 ወደ አዲሱ ተሻገረች፤ የካርታዎቿ ኬክሮስና ኬንትሮስም አብሮ ተቀየረ። ከዚያ በፊት የታተመ የጃፓን ካርታ ይዞ ስልኩ ላይ ቁጥሩን የሚያስገባ ሰው የእርስዎ ዓይነት ነገር ይገጥመዋል። በካርታው ውስጥ ግን ሁሉም ነገር እርስ በርሱ ይስማማል። ኮረብታው ከወንዙ፣ ወንዙ ከመንደሩ ያለው ርቀት ልክ ነው። ካርታው አልተሳሳተም የምልዎት ለዚህ ነው።

ግሪኒችም ከዚህ አላመለጠም። በ1884 ዋሽንግተን ላይ 25 አገሮች ተሰብስበው የዓለም ዜሮ ኬንትሮስ በግሪኒች የኮከብ መመልከቻ በኩል እንዲያልፍ ወሰኑ። 22 ደገፉ፣ አንድ ተቃወመ፣ ፈረንሳይና ብራዚል ድምፅ አልሰጡም። ምክንያቱ የሚገባ ነበር፤ በጊዜው ከዓለም የመርከብ ጭነት 72 በመቶው ግሪኒችን በሚጠቀም ካርታ ይጓዝ ነበር። መስመሩ የሚያልፈው የመመልከቻው ኃላፊ የነበረው ጆርጅ ኤሪ በተከለው ቴሌስኮፕ መሐል ነው። ዛሬ ጎብኚ አንድ እግሩን ምሥራቅ፣ አንድ እግሩን ምዕራብ አድርጎ ፎቶ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። ስልክዎን አውጥተው ቢያዩ ግን ዜሮ አይልዎትም። 5.3 ሰከንድ ምዕራብ ይላል። ዜሮውን ለማግኘት 102 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ መናፈሻው ውስጥ መሄድ አለብዎት። ኤሪ ቴሌስኮፑን ያቀናው በሜርኩሪ ገንዳ ነው፤ የሜርኩሪው ገጽ እንደ ቱምቢ የአካባቢውን ስበት ይከተላል። የሳተላይቱ መስመር የሚከተለው ግን የምድርን መሐል ነው። ያቺ 102 ሜትር የስበት ዝንባሌ ናት።

እስከ ሳተላይት ዘመን ድረስ መላውን ዓለም በአንድ መነሻ ማሰር የማይቻለው ለዚህ ነበር። መንገዱ የተከፈተው በ1957 ነው። ስፑትኒክ በተላከች ሰሞን በጆንስ ሆፕኪንስ ቤተ ሙከራ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች የሬዲዮ ሞገዷን አደመጡ። ሳተላይቷ ስትቀርብና ስትርቅ ሞገዱ ይቀያየራል፤ ከዚያ ተነስተው የት እንዳለች አሰሉ። ቀጥሎ ጥያቄው ተገለበጠ፦ የሳተላይቷን ቦታ አውቀን የአድማጩን ቦታ ማግኘት አንችልም? ይቻላል ተባለ። ከዚያ ሐሳብ ትራንዚት የሚባለው ሥርዓት ወጣ፤ በ1978 ደግሞ የመጀመሪያው የጂፒኤስ ሳተላይት ወጣ።

ጂፒኤስ የሃሪሰን ሰዓት ወንድም ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እያንዳንዱ ሳተላይት 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ሰዓቱን ይናገራል። ስልክዎ መልእክቱ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት ያያል፤ ጊዜው ወደ ርቀት ይቀየራል። ሦስት ርቀት ቦታውን ይበቃው ነበር፤ ነገር ግን የስልክዎ ሰዓት ርካሽ ስለሆነ ስህተቱን ለማወቅ አራተኛ ሳተላይት ይጨመራል። ሬዲዮ ሞገድ በአንድ ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) 300 ሜትር ይሄዳልና ቀልድ የለም። በአንስታይን ንድፈ ሐሳብ መሠረት የሳተላይቱ ሰዓት ከምድሩ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጥናል። ይህ ባይታረም ስህተቱ በቀን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርስ ነበር።

ሳተላይት የሚዞረው የምድርን የክብደት መሐል ነው። ስለዚህ የጂፒኤስ ዳተም መነሻው እዚያ ነው፤ የማንም አገር ኮረብታ፣ የማንም ቱምቢ አይደለም። ስሙ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ይባላል። ስልክዎ የሚናገረው በእሱ ነው። እሱም ቢሆን ዘላለማዊ ማዕዘን ድንጋይ የለውም፣ መሬት ራሷ ትንቀሳቀሳለችና። አውስትራሊያ በዓመት 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትጓዛለች። በ1994 የተወሰነው የአገሪቱ ዳተም በ2020 በአዲስ ሲተካ ቁጥሮቹ 1.8 ሜትር ተንቀሳቅሰው ነበር። ለመንገደኛ ምንም አይደለም። ያለ ሰው ለሚያርስ ትራክተር ግን ብዙ ነው።

ስለ ቤት ቁጥርና ስለ አዳዲሶቹ ኮዶች አልጠየቁኝም፤ ግን ከጉዳዩ አይርቁም። ፓሪስ በ1805 የቤት ቁጥር ስታወጣ መነሻዋን ሴን ወንዝ አደረገች። ወንዙን የሚያቋርጡ መንገዶች ከወንዙ ጀምረው ይቆጠራሉ፤ ከወንዙ ጎን ለጎን የሚሄዱት ደግሞ የውሃውን ፍሰት ይከተላሉ። ወንዙ ዳተም ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ ምድርን ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ከፋፍሎ ለእያንዳንዷ ካሬ ሦስት ቃል የሚሰጥ ሥርዓት አለ፤ ቦታን በአጭር የፊደልና የቁጥር ኮድ የሚጠራ ፕላስ ኮድ የሚባልም አለ። በስልክ እርዳታ ለሚጠራ ሰው ከአሥራ አራት አኃዝ ሦስት ቃል እንደሚቀልለው አልክድም። እኔ ግን ፕላስ ኮድን እመርጣለሁ። ማንም በነፃ ይጠቀምበታል፤ ሁለት ቦታዎች ጎረቤት ከሆኑም ብዙ ጊዜ ኮዳቸው በተመሳሳይ ፊደላት ይጀምራል። በሦስቱ ቃላት የአንዷ ካሬ ስም ስለ ጎረቤቷ ምንም አይነግርዎትም። የሁለቱም መሠረት ያው ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው።

እንግዲህ ካርታዎን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ጠርዙ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከታች በኩል፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ያንብቡ። «ዳተም»፣ «ስፌሮይድ» ወይም «ኤሊፕሶይድ» የሚል ቃል ይፈልጉ፤ አጠገቡ ያለውን ስምና ዓመት ይመዝግቡ። የፈረንሳዮች የቆየ ካርታ ከሆነ ዜሮው ፓሪስ መሆኑን አለመሆኑን ይዩ፤ ፓሪስ ከግሪኒች በስተምሥራቅ 2 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ናት። ከዚያ ዳተም የሚቀይር ነፃ ፕሮግራም ሞልቷል። የካርታውን ዳተም መነሻ፣ ደብሊው ጂ ኤስ 84ን መድረሻ አድርገው ቁጥሩን ይስጡት። የሚወጣውን ስልክዎ ላይ ያስገቡ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ካርታው የሚጽፈው በዲግሪና በደቂቃ ነው፤ ስልኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ በነጥብ ነው። 10 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ማለት 10.5 እንጂ 10.30 አይደለም። በዚህ ብቻ ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። የእርስዎ ልዩነት አራት መቶ ሜትር ስለሆነ ይህን ያልፈጸሙ ይመስለኛል።

የካርታው ጠርዝ ተቀዶ ዳተሙ ከጠፋ ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። ካርታው ላይም መሬት ላይም ያልተቀየሩ ሦስት ነገሮችን ይምረጡ፤ የቆየ ድልድይ፣ የወንዞች መገናኛ፣ ሌላ የሦስት ማዕዘን ነጥብ። የሦስቱንም ቁጥር ስልክዎ ላይ አስገብተው እያንዳንዱ ከእውነተኛው ቦታ በየት በኩል፣ በስንት ሜትር እንደራቀ ይጻፉ። ሦስቱም በአንድ አቅጣጫ፣ በተቀራራቢ ርቀት ከሸሹ ነገሩ ዳተም ነው፤ ያንኑ ያህል ቀንሰው ኮረብታዎን ያገኙታል። አንዱ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ከተበታተነ ግን ዳተሙን ይተዉትና ማስመሪያዎን ይዘው ከጠርዙ ላይ እንደገና ያንብቡ።